ባዶው ቃሬዛ

ይልቃል ሲወድቅ ሁሉም ሳቀ። የፎገራ ዋልካ ጭቃ ጫማውን ይዞ አልለቅ ቢለው በቂጡ ቁጭ አለ። ጓደኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ተንከተከቱ፤ ሁለቱ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አነሱት። እሱም ሱሪውን እያራገፈ አብሯቸው ሳቀና መንገዱን ቀጠለ። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው ግን የሻሽወርቅ ነበረች። እሷም ብዙ ሳትቆይ መውደቋን ምን አውቃ!

የሻሽወርቅ ወረታ ላይ ስታስተምር ኖራ ዓምና ነው ጡረታ የወጣችው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከይልቃልና ከሌሎች የቀድሞ ባልደረቦቿ ጋር በእግር ትጓዛለች። የዛሬው መንገዳቸው በሩዝ ማሳው መሀል አድርጎ ቁሐር ሚካኤል ያደርሳል። ዛሬ ግን ልጇ ምኞትም አብራ አለች፤ ከባሕር ዳር የመጣችውም ለሽርሽር አይደለም። እናቴ ከእንግዲህ ብቻዋን መኖር የለባትም ብላ ከወሰነች ሰንብታለች። ባሕር ዳር ክፍል አዘጋጅታለች፣ ለወረታው ቤትም ተከራይ አግኝታለች። የቀራት የእናቷ እሺታ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ አልሆነላትም። ትናንት ሲጨቃጨቁ ውለው በአንድ ነገር ተስማሙ። የሻሽወርቅ የዛሬውን መንገድ እስከ ቁሐር ሚካኤል በገዛ እግሯ ከጨረሰች የቤቱ ነገር ዳግመኛ ላይነሳ፤ ካቃታት ግን ዕቃዋን ጠቅልላ ልትሄድ።

ጠዋት ከቤት ሲወጡ ምኞት በሩን ቆለፈችና ቁልፉን የራሷ ቦርሳ ውስጥ ከተተችው።

«ይጠፋብሻል እማ፤ እኔ ልያዘው።»

በገዛ ቤቷ ቁልፍ! የሻሽወርቅ ደሟ ቢፈላም፣ ለመንገድ ወጥቼማ አልጣላም ብላ ዋጥ አደረገችው።

የክረምቱ ውሃ ከሜዳው ከሸሸ ገና ጥቂት ጊዜው ነው። በማሳዎቹ መካከል ያለው ድንበር ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ ነበር። የሻሽወርቅ የረገጠችው ጓል ከዳትና በጎኗ ተጋደመች። ክንዷ ተፋቀ፣ ቁርጭምጭሚቷን ወለም አላት፣ ነጠላዋ በጭቃ ተለወሰ። በቃ፣ ይኸው ነው። እንዲያውም መጀመሪያ የመጣባት ሳቅ ነበር። ቀና ብላ የሰዉን ፊት ስታይ ግን ሳቁ አፏ ላይ ደረቀ።

«እኔን! እኔን!»

የሚስቅ አንድ ሰው የለም። ይልቃል ራሱን ይዟል። ምኞት አጠገቧ ተንበርክካ እግሯን፣ ወገቧን፣ ጭንቅላቷን ትዳብሳለች።

«አላልኩሽም እማ? አላልኩሽም?»

ቀኑ ቅዳሜ ስለሆነ ማሳ ውስጥ ማጭድ የያዘ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ነው ከማሳው ዳር ሾላ ሥር ሲጫወት የነበረው የመንደሩ ሰው ሁሉ ግልብጥ ብሎ የመጣው። ከፊት አያ ገበያው ነበሩ፤ ልጆቻቸውን ሁሉ ያስተማረችላቸው ሽማግሌ።

«እኔን ይድፋኝ እመቤቴ! ተሰበሩ?»

«ኧረ አልተሰበርሁም አያ ገበያው!»

ማን ይስማት። አራት ጎረምሶች ወደ መንደሩ ጫፍ በረሩ፣ ወዲያውም ቃሬዛ ተሸክመው ተመለሱ። ከጎኗ አስቀመጡትና አንዱ በብብቷ፣ ሌላው በእግሯ በኩል ሊያነሷት ጎንበስ አሉ። የሻሽወርቅ ቃሬዛውን አየች፣ ከዚያም የልጇን ቦርሳ። እዚህ ላይ ከወጣች መውረጃዋ ባሕር ዳር ነው።

«እጃችሁን አንሱ!» ብላ ጮኸች። ክፍል ውስጥ እንኳ እንዲያ ጮኻ አታውቅም። «ይልቃል ቅድም ሲወድቅ ምን አደረጋችሁ? ሳቃችሁ! ፎቶ አነሳችሁት! እኔ ስወድቅ ቃሬዛ? እሱንም እኔንም የጣለን ያው ጭቃ አይደለም? ሳቁብኝ እንጂ!»

ማን ይሳቅ። መቀነቷን ፈታች፣ ቁርጭምጭሚቷን ጥፍር አድርጋ አሰረችበት፣ ምኞት የዘረጋችላትን እጅ እንዳላየች አልፋ ተነሳች። ዓይኗ ውሃ ቋጠረ፤ ቢሆንም ቆመች።

«ቃሬዛውን ይመልሱት አያ ገበያው።»

«እንዴት አድርጌ?» አሉ ሽማግሌው። «ሰው ወድቆ እያየ ዝም አለ ልባል? እንግዲያው ይከተልዎ። ካቃትዎ ይወጡበታል፤ ካላቃትዎም እኛ እግራችንን አፍታታን።»

ጉዞው እንዲህ ሆነ። ከፊት የሻሽወርቅ እያነከሰች፣ ከኋላዋ ባዶ ቃሬዛ የተሸከሙ አራት ጎረምሶች፣ ከዚያ አያ ገበያው፣ ከዚያ አንገታቸውን የደፉ መምህራን። በዚያ አገር ቃሬዛ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም፤ መንገደኛ ሁሉ የያዘውን አስቀምጦ ትከሻውን ይሰጣል። አህያ የሚነዳ አንድ ሰውዬም ሮጦ ደረሰ።

«እኔን! በሽተኛው የታለ?»

«ያቻት፣ ከፊት የምትሄደው።»

«ታዲያ ምን ተሸክማችሁ ነው?»

«እሷ እንቢ ያለችውን!»

ሰውዬው ግራ ገባው፤ ግራ እንደገባውም ተቀብሎ ተሸከመ።

የሻሽወርቅን አመማት። ውሸት ምን ያደርጋል፣ በየርምጃው እሳት የረገጠች ያህል አመማት። ግን ከኋላዋ የቃሬዛው እንጨት ሲንቋቋ በሰማች ቁጥር እልኋ ይነሳል። ምኞት «ትንሽ እንረፍ እማ» ስትላት «ደክሞሽ እንደሆን እረፊ» ትላለች።

ቤተ ክርስቲያኑ ሊደርሱ ሲሉ ውሃ ያቆረ ቦይ አለ። የሻሽወርቅ ዳሩን በእጇ ይዛ፣ በጉልበቷ እየዳኸች ተሻገረች፤ ማን ምን አለኝ ሳትል። ምኞት ዘልላ ልታልፍ ተንደረደረች። የከተማ ጫማዋ አልተባበራትም፤ ከነቦርሳዋ ቦዩ ውስጥ ዘጭ አለች።

«እኔን! ቃሬዛ!» አሉ አያ ገበያው።

ጎረምሶቹ እስከዚያች ደቂቃ ሥራ ፈት ሆነው ቆይተዋልና ደስ ብሏቸው ዘለሉ። ምኞት ከአንገቷ እስከ እግሯ ጭቃ ሆና፣ የጎረምሶቹን እጅ እየመታች ጮኸች።

«እንቢ! ምንም አልሆንኩም! በእግሬ እሄዳለሁ አልኩ!»

ካለች በኋላ ቃሉ ለራሷ ተሰማት። ከቦዩ ማዶ እናቷ እያየቻት ነበር። ቀድማ የሳቀችው የሻሽወርቅ ናት፤ ጎኗን ይዛ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ይልቃል፣ ከዚያ መምህራኑ፣ ከዚያ ጎረምሶቹ። መጨረሻ ላይ ምኞትም ጭቃዋ ውስጥ ተቀምጣ ሳቀች።

ከቁሐር ሚካኤል ደጅ ሲደርሱ የሻሽወርቅ ተሳለመችና ወደ ልጇ ዞረች። መዳፏን ዘረጋች። ምኞት ለአፍታ አመነታች፣ ቀጥላ ቦርሳዋን ከፍታ ቁልፉን አወጣች። ጭቃ በጭቃ ሆኗል። የሻሽወርቅ በነጠላዋ ጠረገችውና በነጠላዋ ጫፍ ጠበቅ አድርጋ ቋጠረችው። ከዚያ የደጁ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ዘረጋች።

«በሉ አሁን ባጃጅ ጥሩልኝ» አለች። «እግሬን አሞኛል፤ ቤቴ ልግባ።»