አይጧ የማን ናት?

ፀጉር አስተካካዩ አኮርዲዮን ከገዛ ወዲህ አማቱ እፎይ ብለው አያውቁም። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ከመቀስና ከመላጫ ጋር ሲታገል ይውልና ቤት ሲገባ፣ እራት እስኪቀርብ ድረስ ያቺኑ የሚያውቃትን አንዲት ዜማ ይዞ ይፈጋባታል። መሃሏ ላይ ሁልጊዜ የሚሳሳትባት ቦታ አለች። እዚያች ሲደርስ አማትየው ጥርሳቸውን ነክሰው ይጠብቃሉ፤ እሱም አያሳፍራቸውም፣ ይሳሳታል። ቤቱ የእሳቸው ቢሆንም የልጃቸውን ባል ማስቀየም አልፈለጉም፤ እሱ ሲጀምር ሬዲዮኑን ከፍ ማድረግ ብቻ ነበር ሥራቸው።

አንድ ቀን አኮርዲዮኑን ሲስበው በዜማ ፈንታ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ፉት፣ ፉት አለ። ቢያገላብጠው አየር የሚስበው ወናፍ እጥፋት ላይ አውራ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለ። አማትየው እንደ ማዘን አሉና ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ሲያንጎራጉሩ ግን ተሰማ።

የዋስትና ጊዜው ስላላለፈ አኮርዲዮኑን ተሸክሞ ወደገዛበት ሱቅ ወሰደው። የሱቁ ሥራ አስኪያጅ ለባለሙያ አሳይቶ መልስ ሰጠው፤ ወናፉን የበሳው አይጥ ነው፣ ዋስትናው ደግሞ የፋብሪካን ጉድለት እንጂ የደንበኛን አይጥ አይሸፍንም። ፀጉር አስተካካዩ ክርክር የሚባል ነገር አያውቅበትም። አመሰግናለሁ ብሎ ወጣ።

እራት ላይ ነገሩን ሲያወራ አማትየው ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ምን በላው አሉ አልከኝ?»

«አይጥ፣ እማማ።»

«የየት አይጥ?»

ሳህኑን እያየ «የእኛ ቤት» አለ።

ሚስቱ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው፤ ግን ቃሉ አንዴ ወጥቷል። አማትየው ቁም ሣጥን እያስነሱ ከሥሩ የሚጠርጉ፣ እንግዳ ሳይመጣም እንግዳ ከሄደም በኋላ ወለል የሚወለውሉ ሴት ናቸው። የነበረቻቸው ድመት እንኳ የምትሠራው ብታጣ ጎረቤት ገብታ ቀርታለች። ያን ምሽት ሁለተኛ እህል አልቀመሱም።

በማግስቱ የክት ልብሳቸውን ለብሰው አኮርዲዮኑን ለአማቻቸው አሸክመው ወደ ሱቁ ሄዱ። ሱቁ ጊታሮች በአንገታቸው የተንጠለጠሉበት ረጅም ክፍል ነው። ሥራ አስኪያጁ፣ ቀጭን ከረባት ያሰረ ጎልማሳ፣ ከመስተዋቱ ባንኮኒ ኋላ ብድግ ብሎ ወንበር ቢያቀርብላቸው አልቀመጥም አሉ።

«ቤቴን አይጥ ወርሶታል ያልከው አንተ ነህ፣ ልጄ?»

ሰውየው ደነገጠ። ስለ ቤታቸው አንዳች እንዳልተናገረ፣ የጥርስ ምልክት ማየቱን ብቻ እንደገለጸ አስረዳ። አማትየው መነጽራቸውን አድርገው ቀዳዳውን መረመሩ።

«አይጥ ነው። እሱስ ልክ ብለሃል» አሉ።

ፀጉር አስተካካዩ አኮርዲዮኑን ከባንኮኒው ሊያነሳ እጁን ዘረጋ። አማትየው ግን ጣታቸውን በቀዳዳው ሰደዱና ቀዳዳውን ደፍኖ ቆይቶ ኋላ ወደ ውስጥ የሰመጠ የተቦጫጨቀ ቢጫ ወረቀት ጎትተው አወጡ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱ አኮርዲዮኑ ታሽጎ በመጣበት ካርቶን ውስጥ የሚጠቀጠቀው እንደሆነ አመነ፤ ቢሆንም አይጧ ቤት ውስጥ ከካርቶኑ ጎትታው ሊሆን ይችላል ሲል ተከራከረ። አማትየው ካርቶኑ አቧራማ ስለነበር ከበራፍ እንዳላሳለፉት ተናገሩ።

«እሱማ የእርስዎ ቃል ነው፣ እናቴ።»

«እንግዲያው ያልተከፈተ ካርቶን አምጣና እዚሁ ፊቴ ክፈት።»

ሰውየው ፈገግ ብሎ ከመጋዘን እሽጉ ያልተነካ ካርቶን አመጣ። ፕላስተሩን ቀዶ አኮርዲዮኑን አወጣና ሳበው። ፉት አለ። ይህ ድምፅ ሳያበቃ ከቢጫው ወረቀት መሃል አንዲት አይጥ ወጣች፤ ባንኮኒው ላይ ቆም ብላ ሦስቱንም በየተራ አየቻቸውና ዘልላ ከከበሮዎቹ ኋላ ተሰወረች። ሥራ አስኪያጁ እንዴት እንደወጣ ሳያውቀው የፒያኖ ወንበር ላይ ቆሞ ተገኘ። አማትየው ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም። ቀና ብለው አዩት።

«ይቺስ የማን ናት?»

ሰውየው ወርዶ ከረባቱን አስተካከለ። በር ላይ ደንበኞች ስለነበሩ ድምፃቸውን ዝቅ እንዲያደርጉለት ለመናቸው፤ ወይ ገንዘባቸው እንዲመለስ ወይ ከማሳያው አዲስ አኮርዲዮን እንዲወስዱ ምርጫ ሰጣቸው። ፀጉር አስተካካዩ የሚመጣውን አውቆት በልቡ ዜማውን መሰናበት ጀመረ። ቤቱ ጸጥ ሊል ነው።

«አኮርዲዮኑን» አሉ አማትየው።

ጆሮውን አላመነም። «እማማ፣ ገንዘቡ አይሻልም?»

«ጎረቤት ድምፁን ሲያጣ ምን ሊል ነው? አይጥ በላው ሊል ነው።»

ከዚያ ማሳያው ላይ ያሉትን አንድ በአንድ አስጎተቱ፤ ጆሮአቸውን እየደገኑ አዳመጡና ከሁሉ በላይ የሚጮኸውን መረጡ። ካርቶን ግን አልፈለጉም።

አውቶቡስ ውስጥ አኮርዲዮኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ለአማቻቸው አላስነካም አሉ። ከጎናቸው የተቀመጠች ሴት ምንድን ነው ብላ ጠየቀቻቸው። ይህን ነበር የሚጠብቁት፤ ከወናፉ ቀዳዳ ጀምረው ሳይቸኩሉ ይተርኩላት ጀመር። ከፊት ያሉት ተሳፋሪዎችም አንገታቸውን አዞሩ።

መውረጃቸው ደረሰ። ፀጉር አስተካካዩ «ወራጅ አለ» ሊል አፉን ከፈተ፤ ግን አማቱ ገና አይጧ ጋ አልደረሱም። አፉን መልሶ ዘጋና ሰፈራቸው በመስኮት ሲያልፍ አየ።