ቅዳሜ ይከፈታል

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ጓዳ፣ ጠራዧ የመጽሐፉን የመጨረሻ ክር ቋጥራ ቀና ከማለቷ ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናት።

“አባትሽ ጋዋኑን እየፈለገ ነው” አለቻት በሹክሹክታ።

 ጋዋኑ እኮ እፊቷ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ያውም የመጽሐፍ ልባስ ሆኖ! ከነኪሱ ተቆርጦ፣ በሙጫ ተለጥፎ፣ ደርቋል። የቀሩት እጅጌዎቹ ብቻ ናቸው።

አባቷ የሰፈሩ ክር ፋብሪካ ማሽኖች ዘይት ቀቢ ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ አለቆቹ “እንጠራችኋለን” ብለው ሠራተኛውን አሰናበቱ። ሌላው ሰው ሰምቶ ረሳው፤ እሱ ግን አመነ። ሰማያዊ ጋዋኑን አሳጥቦ፣ አስተኩሶ፣ ከበር ኋላ ሰቀለው። ያ ፋብሪካ ደግሞ ተሸጠ፣ ተቀባ፣ ፎቁ አፓርታማ፣ ምድሩ ካፌ ሆነ። ማሽኖቹ የነበሩበት አዳራሽ ኤግዚቢሽን ማሳያ ተባለና ለእሷ መጽሐፍ የሚሆን ቦታ ተገኘለት።

መጽሐፉን ስትሠራ ሰፈሩ ምን እንደደረሰበት ዓይን ሳያነብ እጅ እንዲያውቀው ነበር ሐሳቧ። የፊተኞቹ ቅጠሎች ክር ይጠቀለልበት የነበረ፣ ዘይት የጠጣ ወፍራም ቡናማ ወረቀት ናቸው። እየተገለጡ ሲሄዱ ይሳሳሉ፣ ይነጣሉ፤ የኋለኞቹማ እርሳስ እንኳ አይጽፍባቸውም። የሰፋችበትም ክር ከዚያው ፋብሪካ የተረፈ ነው። ለልባሱ ጨርቅ ስትፈልግ ጋዋኑን አንስታ የሰጠቻት እናቷ ነበረች። “ውሰጂው፣ ለእሱ እኔ አለሁ” ብላ ነበር። እነሆ፣ አለሁ ያለችው ስልክ ላይ ትንሾካሾካለች።

“እጥበት ላይ ነው አልኩት። ጉዳችን ፈላ።”

“ዛሬ ምን አስፈለገው?”

“አንቺው አይደለሽ ቅዳሜ ይከፈታል ያልሽው?”

ብላለች። ጠራዧ እራት ላይ፣ አፏ ጉርሻ እንደያዘ፣ “እዛ ፋብሪካው፣ ቅዳሜ ይከፈታል” ብላለች። ኤግዚቢሽኑን ማለቷ ነበር። አባቷ ብርጭቆውን አስቀምጦ ዝም አለ፤ እሷም የዕድሜ ዝምታ መስሏት እራቷን ቀጠለች።

“ያለ ጋዋኑም ቢሆን ወጥቷል” አለች እናቷ። “ተላጭቶ።”

ልባሱን ልግፈፈው ብትል መጽሐፉ አብሮ ይቀደዳል። ልደብቀው ብትል የኤግዚቢሽኑ ኃላፊ መጥታ ወሰደችውና አዳራሹ መሃል አኖረችው። እንግዶች ገቡ። ጠራዧ በሩ ላይ ዓይኗን ተክላ ቆመች። ሽማግሌ በገባ ቁጥር አንገቷን ታሰግጋለች።

መጣ። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ በእጁ ምሳ ዕቃ ይዟል። ምሳ ዕቃውን ስታይ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። በእንግዶቹ መሃል እየተሹለከለከች ወደ እሱ ሄደች። አባቷ ማሽኖቹን ፍለጋ ግራ ቀኝ አየ፤ የሉም። ከዚያ መጽሐፉ ልባስ ላይ የጋዋኑን ኪስ አየ።

ያ ኪስ አንድ ጊዜ ተቀዶበት ራሱ በቀይ ክር ጠቅሞታል። “ክር ፋብሪካ ውስጥ ሰማያዊ ክር ጠፍቶ!” እያሉ ባልደረቦቹ ሲስቁበት ኖረዋል። ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እጁን እዚያው ኪስ ውስጥ አስገባ።

“አባት፣ ይቅርታ፣ በእጅ አይነካም” አለች ኃላፊዋ።

“የሱ ነው” አለች ጠራዧ። 

አባቷ ቢቆጣ በተሻለ። አልተቆጣም። መጽሐፉን ከቡናማው ወደ ነጩ ቀስ እያለ ገለጠ። መጨረሻው ቅጠል ላይ አውራ ጣቱ ሸርተት አለ።

“ይሄ ያዳልጣል” አላት። መጽሐፉን ዘጋና፣ “እጅጌዎቹስ?”

“አሉ፣ አባዬ። አልጣልኳቸውም።”

“ስፌት ታውቂያለሽ። የጠሩኝ እንደሆነ መልሰሽ ትገጥሚዋለሽ።”

እሺ ማለት አፏ ላይ ደርሶ ነበር። እናቷ ብትሆን እሺ ትለዋለች፤ አለቆቹም ያኔ “እንጠራችኋለን” ያሉት እንዲሁ ነበር። ጠረጴዛውን ያዘች።

“አይጠሩህም፣ አባዬ። የተከፈተው ፋብሪካው አይደለም።”

አባቷ የተቀባውን ግድግዳ፣ ብርጭቆ የያዙትን እንግዶች አየ። ከዚያ ምሳ ዕቃውን ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

“እንግዲያውስ ምሳውን አንቺ ብዪው” አላት። “ሥራ ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ።”