የመምህር ምንይችል ውርንጭላ

መምህር ምንይችል የሆድ ትል መድኃኒት ለመሥራት አራት ዓመት ሙሉ ደክሟል። ትሉ ግን ይህን የሰማ አይመስልም፤ ገብቶ የተቀመጠው የእሱው ሆድ ውስጥ ነው።

ነገሩን ያወቀው ማክሰኞ ጠዋት ነው። እንዴት እንዳወቀው አንናገርም፤ የኮሶ ትል ይዞት የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፣ ያልያዘው ደግሞ ባይገባው ይሻለዋል። ለገና ጾም ቅበላ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ የበላው ቁርጥ ትዝ አለው። ያን ዕለት «ትንሽ ጨምርልኝ» ያለው ራሱ ነበር።

ምንይችል የሞጣ ልጅ ነው፤ ቆሰበር በተባለች የአገው ከተማ በአንድ ኮሌጅ ኬሚስትሪ ያስተምራል። ከክፍል ሲወጣ ቤተ ሙከራው ውስጥ ይዘጋና ያፈላል፣ ያቀዘቅዛል፣ ያጣራል፣ ይደፋል፣ እንደገና ያፈላል። እንዲህ ሲል ሲል አንዲት ነጭ ዱቄት አገኘ። የዱቄቷ ጉልበት ያለው ቀለበቷ ላይ ነው፤ አተሞቿ እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ሠርተው ቆመዋል፣ ከመካከላቸው ሁለቱ ናይትሮጅን ናቸው። ሁሉም ካርቦን ቢሆኑ ኖሮ ትሉ ከቁብም ባልቆጠራቸው ነበር። ሁለቱ ናይትሮጅኖች ግን ትሉ ላይ ተለጥፈው ምግብ መምጠጥ ያሳጡታል፤ ይራባል፣ ይደክማል፣ ይለቃል። ዱቄቷ በአይጥ ተሞክራ አልፋለች። ሰው ግን ገና አልቀመሳትም። አከራዩ እትዬ ሽታዬ ስለዚህች ቀለበት በሰሙ ቁጥር «አራት ዓመት ሙሉ ቀለበት ሠርቶ ለአንዲት ሴት እንኳ ያላሰረ» እያሉ ይተርቡታል።

አሁን ዱቄቷ በፈረስ ልትሞከር ነው። የእንስሳት ሐኪሞቹ ተስማምተዋል፤ የቀረው የባለፈረሶቹ ፈቃድ ብቻ ነው። ለዚህም አርብ ዕለት ዳንግላ ላይ የፈረሰኞች ማኅበር ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሊሰሙት ቀጠሮ ይዘዋል። የአገው ሰው ለፈረሱ እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ለማንም መጤ «እንካ ሞክርበት» አይልም። የምንይችል የአራት ዓመት ድካም በአንድ ከሰዓት ሊወሰን ነው። በዚህ ላይ የራሱን ትል ማስወጣት ያቃተው መሆኑ ከተሰማ ማን ፈረሱን ይሰጠዋል?

ከአርብ በኋላ ይደረስበታል እንዳይል ትሉ ጨዋ አልነበረም። ክፍል ውስጥ ሆዱ እየጮኸ የኋላ ወንበር ያሉት ተማሪዎች ቀና ይላሉ። ምሳውን በልቶ ሳይጨርስ ይርበዋል። የእትዬ ሽታዬን ኮሶ እንዳይጠይቅ ደግሞ ባለፈው ዓመት በጎረቤት ፊት «ኮሶ እኮ መድኃኒት አይደለም፣ የጥንት ሰው ቅጣት ነው» ብሎ አሳፍሯቸዋል። ከቆሰበር መድኃኒት ቤት እንዳይገዛ መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ያስተማረው ልጅ ነው።

ስለዚህ ረቡዕ ዕለት ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ ደፍቶ በሚኒባስ ዳንግላ ወረደ። ከመነኸሪያው ጋሪ ይዞ ከከተማው ዳር ያለ አንድ መድኃኒት ቤት ድረስ ሄደ። ገብቶ ኮፍያውን ቀና ቢያደርግ ከመደርደሪያው በስተጀርባ አየነው ቆሟል። አየነው ካስተማራቸው ሁሉ እጅ እያወጣ በመጠየቅ ያሰለቸው ልጅ ነው።

«መምህር! ምን ልታዘዝ?»

«የኮሶ ትል መድኃኒት» አለ ምንይችል፣ ለራሱም በማይሰማ ድምፅ።

«ለማን ነው?»

ኮፍያውን መልሶ ደፋ። ለወንድሜ ቢል ይበቃው ነበር፤ ለጎረቤት ቢልም ያልፍለት ነበር። ጭንቅላቱ ውስጥ ግን ሳምንቱን ሙሉ የሚጋልበው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ለፈረስ» አለ።

«የፈረስ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ነው። እነሱም መጀመሪያ የሚጠይቁት ክብደቱን ነው። ስንት ኪሎ ይሆናል?»

ምንይችል በሌላው በሌላው ሊዋሽ ይችላል፤ በልኬት መዋሸት ግን ሞያው አልፈቀደለትም። «ሃምሳ ስምንት» አለ፣ የራሱን።

አየነው ብዕሩን አስቀመጠ። «ሃምሳ ስምንት ኪሎ ፈረስ?»

«ውርንጭላ ነው።»

ከኋላው ወንበር ላይ አለንጋቸውን ይዘው የወገብ ቅባት የሚጠብቁ ሽማግሌ ነበሩ። አሁን ተነሡ። «ውርንጭላ በኮሶ ትል ተያዘ? እናቱ የማን ባዝራ ናት?»

ምንይችል ድምፁን አወቀው። ለአርብ ቀጠሮ በስልክ ያነጋገራቸው የማኅበሩ ሰብሳቢ አቶ ዓባይነህ ናቸው። ሮጦ መውጣት ሲገባው መልስ ሰጠ። «እናቱ ሞታለች» አለ፣ በዚያው የሚገላገል መስሎት።

በሌላ አገር ይህ ወሬ «አይ!» ተብሎ ይታለፍ ይሆናል። አቶ ዓባይነህ ግን ኮፍያቸውን አወለቁ። መልኩን ጠየቁ፤ «ዳማ» አላቸው፣ ሌላ የፈረስ መልክ ስለማያውቅ። ግንባሩ ላይ ነጭ እንዳለው ጠየቁ፤ አለው አለ። ውሸቱ እየሰፋ ሄደ። በመጨረሻ ትከሻውን ያዙና «እናት የሌለው ውርንጭላ ሳይታይ መድኃኒት አይሰጠውም፣ ትገድለዋለህ። ነገ መጥቼ አየዋለሁ፤ እስከዚያ ምንም እንዳታቀምሰው» አሉት። ከዚያ ቆሰበር በማን ግቢ እንደሚኖር ጠይቀው ጋሪው ድረስ ሸኙት። መድኃኒቱን ሳይገዛ ተመለሰ።

ሐሙስ ገና ሳይነጋ ከእትዬ ሽታዬ ደጅ ቆሞ አንኳኳ። ፊቱን አይተው ነገሩ ገባቸው። «ያ የጥንት ሰው ቅጣት ነው?» አሉ።

«እሱ ነው እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።»

ሁለተኛ አላነሡበትም፤ ደግ ሴት ናቸው። ይልቁንስ ኮሶውን ወቅጠው፣ በጥብጠው፣ አንድ ጣሳ ሙሉ ሰጡትና እስኪጨርስ ድረስ ከፊቱ ንቅንቅ አላሉም። መራራነቱን ለመግለጽ መሞከር ከንቱ ነው። ከዚያ የግቢውን በር ዘጉ፤ ኮሶ የጠጣ ሰው ቤት እንግዳ አይገባም፣ ይህን ሕፃን ልጅም ያውቃል።

አቶ ዓባይነህ ግን የመጡት ለሰው ሳይሆን ለውርንጭላ ነው። ሌሊት ከዳንግላ ተነሥተው፣ ረፋዱ ላይ ሦስት ፈረሰኞች አስከትለው በሩ ላይ ቆሙ። ከኋላቸው የምታጠባ ባዝራ ይጎትታሉ፤ የሙት ልጁ ጡት ሳያገኝ እንዳይውል ብለው ነው። እትዬ ሽታዬ እንዲህ ያለ ክቡር እንግዳ ከደጅ መመለስ ከበዳቸውና አስገቡ።

«ውርንጭላው የት ነው?» አሉ አቶ ዓባይነህ።

«የምን ውርንጭላ?» አሉ እትዬ ሽታዬ።

በዚህ ጊዜ የምንይችል በር ተከፈተ። ኮሶው ሥራ ጀምሯል። ወገቡ ላይ ጋቢ ጠቅልሎ፣ ሆዱን ይዞ፣ «እንደምን አደራችሁ» እያለ ሳይቆም በመካከላቸው አልፎ ወደ ጓሮ ሮጠ። እንግዶቹ ለሰላምታ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ፤ እጁን ሊዘረጋላቸው ሲል ኮሶው መልሶ ያዘውና እንደገና ሮጠ። ባዝራዋ እንኳ አንገቷን አዙራ ታየው ጀመር። በሦስተኛው ሲመለስ አቶ ዓባይነህ ከእግር እስከ ራሱ መረመሩት፣ ልክ ገበያ ላይ ፈረስ እንደሚያዩት።

«እትዬ ሽታዬ» አሉ ዝግ ብለው፣ «ይህ ልጅ ስንት ኪሎ ነው?»

«ምኑን ኪሎ አለው! በቀደም ተመዝኖ ሃምሳ ስምንት ነኝ ብሎኛል።»

ማንም አልሳቀም። አቶ ዓባይነህ የባዝራዋን ገመድ ሰበሰቡ። «ኮሶ የጠጣ ሰው ቤት ቆመን ነውር ሠራን። ውርንጭላው ይረፍ» አሉና እየመሩ ወጡ። ምንይችል ከበሩ ኋላ ሆኖ ሰማ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ያቺን ባዝራ ያን ሁሉ መንገድ ጎትተው ማምጣታቸው ከኮሶው የባሰ ሆዱን ቆረጠው።

አርብ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሏል። ግቢው ውስጥ በጥር ወር ለሚከበረው የፈረሰኞች በዓል ሲለማመዱ የዋሉት ፈረሶች ከነጌጣቸው ታስረዋል። ምንይችል ሰሌዳው ላይ ቀለበቱን ሣለ፣ ሁለቱን ናይትሮጅኖች በቀይ ጠመኔ አደመቀ፣ የአይጦቹንም ውጤት ተናገረ። ሰሌዳውን የሚያይ አልነበረም። ሁሉም የሚያየው ሆዱን ነው።

ሲጨርስ አቶ ዓባይነህ ተነሡ። «አንድ ጥያቄ አለኝ። ወጣ?»

«ምኑ?»

«ውርንጭላው ሆድ ውስጥ የነበረው።»

«ወጥቷል» አለ ምንይችል፣ ጆሮው እየጋለ።

«ከነራሱ?»

ከጥግ ያሉትም ጭምር አንገታቸውን አሰገጉ። ኮሶ ጠጥቶ የሚያውቅ ሁሉ ዋናው ነገር ይኸው መሆኑን ያውቃል፤ ጭንቅላቱ ከቀረ ትሉ ከዚያው ተነሥቶ እንደገና ያድጋል። ምንይችል ትናንት ከሰዓት በአጉሊ መነጽር እየፈለገ ውሎ ጭንቅላቱን አላገኘም። አሁን «ከነራሱ» ቢል ማን ያጣራበታል? አንዲት ቃል ናት። ግን እነዚህ ሰዎች ነገ ፈረሶቻቸውን የሚሰጡት በእሱ ቃል ነው። የትናንቷም ባዝራ በመስኮቱ ትታየዋለች።

«አልወጣም» አለ። «ውርንጭላም የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም። ትሉ የእኔ ነው። ራሱ አሁንም ነክሶ እንደያዘኝ ነው። ይህችን ቀለበት የሠራኋትም እንዲህ ያለውን ለማስለቀቅ ነበር።»

«ታዲያ ዱቄትህን ለምን አልዋጥከውም?» አለ አንዱ ከጥግ።

«ሰው እንዲውጣት ገና አልተፈቀደም። የሠራኋት እኔ ብሆንም አልውጣትም። ለፈረሶቻችሁም ሐኪም አጠገባቸው ሳይቆም አልሰጥም።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው በአገውኛ ተነጋገሩ። ምንይችል አገውኛ አይሰማም፤ «ሃምሳ ስምንት» የምትለዋን ብቻ በአማርኛ ሰማት፣ ከእሷም በኋላ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ዓባይነህ እንባቸውን ጠርገው ቀና አሉ።

«በፈረስ ዋሽተሃል፤ እሱ ቅጣት አለው። በመድኃኒቱ ግን አልዋሸህም። ፈረሶቹን እንሰጥሃለን።»

ምንይችል እጅ ነስቶ አመሰገነ። «ቅጣቱስ?» አለ ግን፣ ማወቅ ስለሚወድ።

ቅጣቱ ወዲያው ተፈጸመ። ያችኑ ባዝራ አመጡና ደግፈው አወጡት፤ በሕይወቱ ፈረስ ተቀምጦ አያውቅም። ጋማዋን በሁለት እጁ ጨምድዶ፣ ፊት ኋላው በተሸለሙ ፈረሰኞች ታጅቦ፣ በዳንግላ ዋና መንገድ አለፈ። ባጃጆች ጥግ ያዙ። ሱቅ ውስጥ የነበረው ሁሉ ማን ሊዳር ነው እያለ ወጣ። ማንም እንዳያየው ተደብቆ የመጣበት መድኃኒት ቤት ደጃፍ ሲደርሱ አጀቡ ቆመ።

አየነው አፉን ከፍቶ ብቅ አለ። «መምህር? ምን ልታዘዝ?»

«የኮሶ ትል መድኃኒት» አለ ምንይችል ከባዝራዋ ላይ፣ ጮክ ብሎ።

«ለማን ነው?»

«ለእኔ።»

«ክብደትዎ…»

«ሃምሳ ስምንት!» አሉ ፈረሰኞቹ በአንድ ድምፅ።

አየነው የመጠየቅ ልማዱ አልለቀቀውም። «ኮሶ ጠጥተው ከሆነ ሊቀንስ ይችላል። እስቲ ሚዛኑ ላይ ይውጡልኝ» አለ። ምንይችል ወርዶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሚዛኑ ላይ ቆመ። አቶ ዓባይነህ በበሩ አጎንብሰው ገቡና መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን አዩት።

«ሃምሳ ስድስት» አሉ፣ ውጭ ለሚጠብቁት። ድምፃቸው ከልብ አዝኗል። «ውርንጭላው ከስቷል።»