የገቢሳ ቆጠራ

ተድላን እኔ ፊት ማንም እንዳያሞግስብኝ። ሮክ ኤንድ ሮልን ነቀምቴ ያስገባው እሱ ነው ይባላል። ጸጉሩን በቅባት አስተኝቶ፣ ጠባብ ሱሪውን ለብሶ፣ የማይክሮፎኑን ዘንግ እያወዛወዘ ሲዘፍን የሆቴሉ ወለል ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይህን አልክድም። ግጥሙንና ዜማውን የሚሠራው፣ ጊታሩን የሚመታው፣ እሱንም መድረክ ላይ የሚመራው ግን ወንድሜ ገቢሳ ነበር።

ገቢሳ አይዘፍንም። ድምፁ የሚሰማው ዘፈን ሊጀመር ሲል ብቻ ነው። በእግሩ ወለሉን እየመታ "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር" ብሎ በኦሮምኛ እስከ አራት ይቆጥራል፤ "አፉር"ን ትንሽ ጎተት ያደርጋታል። ከዚያ የሱ ጊታርና የተድላ ድምፅ እኩል ይገባሉ። በ1970 ዓ.ም. አንድ ከሰዓት በኋላ ልምምድ ላይ ሳሉ የአብዮት ጥበቃዎች መጥተው ወሰዱት። ፀረ ሕዝብ ነው ተብሎ ተገደለ። ሬሳውን አልሰጡንም፤ አልቅሰን እንዲወጣልን እንኳ አልፈቀዱልንም።

ከሱ የቀረን ያ ቆጠራ ነው። የምሠራበት ሙዚቃ ቤት ባለቤት ጋሼ ሽብሩ ድሮ ሆቴሉ ድረስ እየሄደ በትልቁ ቴፕ የቀዳቸው ጥቅል ክሮች ነበሩት። እናቴ ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ ሱቅ ትገባና አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች። ክሩን አስገባለሁ። ገቢሳ ቆጥሮ ሲጨርስ እጇን ታነሣለች፤ ዘፈኑን አትፈልገውም።

"ሜ፣ ኢንታላ ኮ፣ ወደኋላ መልሺልኝ" ትለኛለች። እስቲ ልጄ ማለቷ ነው። እመልስላታለሁ።

የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲቃረብ ተድላ የኪነት ቡድን መሪ ሆኗል። ካኪ ለብሶ አንገር ጉቲን ይወርድና ለሰፋሪዎች ስለ ትራክተር ይዘፍናል። ለበዓሉ መታሰቢያ የዕድሜ ልክ ሥራው ተሰብስቦ በካሴት፣ በአንድ ሣጥን ታሽጎ በዓሉ እንዳለፈ እንዲወጣ ተወሰነ። ሣጥኑ ላይ ፎቶው ይወጣል፤ ከሥሩ "ተድላ፦ ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ" ይላል። ሥራው ለጋሼ ሽብሩ ተሰጠ። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። የገቢሳ ድምፅ በየሰዉ ቤት ሊገባ ነው ብዬ።

ተድላ ሊሰማው መጣ። የመጀመሪያው ክር ላይ ገቢሳ መቁጠር ሲጀምር ፊቱ ተለዋወጠ።

"ይሄ ይቆረጥ" አለ።

"የቱ?" አልኩት እያወቅሁ።

"ቆጠራው። ከሁሉም ላይ።"

"ጊታሩስ?"

"ጊታሩ ይቆይ። የኪነት ልጆች እንደሱ መምታት አልቻሉም።"

ደሜ ፈላ። "ጣቱን ትፈልጋለህ፣ ምላሱን ግን አትፈልግም" አልኩት።

"ፀዳለ፣ እኅቴ፣ ጊታር ማን እንደመታው አይታወቅም። ያን ድምፅ ግን እዚህ ከተማ የማያውቀው የለም። በበዓሉ ፊት ወንበር ላይ እነማን እንደሚቀመጡ ታውቂያለሽ። እኔም ልጆች አሉኝ።"

"እናቴም ልጅ ነበራት።"

ወደ ጋሼ ሽብሩ ዞረ። ጋሼ ሽብሩ ሱቁ እንዲታሸግበት አይፈልግም፤ ምላጭ አነሣ። ከየዘፈኑ ራስ ላይ ቆጠራውን እየቆረጠ የቀረውን በፕላስተር አገናኘ። ቁርጥራጩ ክር እግሬ ሥር ይወድቃል።

"ጠርገሽ አቃጥዪው" አለኝ ተድላ ሲወጣ።

ለቅሜ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት። ጋሼ ሽብሩ አየኝና ፊቱን አዞረ።

የበዓሉ ቀን ቀበሌው ቤት ለቤት እየዞረ ስላስወጣን ከእናቴ ጋር አዳራሽ ገባን። ተድላ በድሮ ዘፈኑ ሊከፍት ነው፤ ክሩ በድምፅ ማጉያ ይለቀቅና እሱ በላዩ ይዘፍናል። ጋሼ ሽብሩ ለቀቀው። የተድላ ድምፅ ከማጉያው ወጣ፣ ተድላ ግን ገና አፉን አልከፈተም። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ክሩ ተመለሰ። አሁንም ቀደመው። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ቆጥሮለት የገባ ሰው፣ ብቻውን መግባት አያውቅም።

ላቡን ጠረገ። ለጋሼ ሽብሩ ቆይ ብሎ በእጁ አሳየው። ከዚያ በእግሩ መድረኩን እየመታ፣ ማይክሮፎኑ ላይ፣ "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር" አለ። "አፉር"ን ጎተት አደረጋት። ልክ እንደ ወንድሜ። ክሩ ተለቀቀ፤ እኩል ገባ።

የድሮዎቹ የሆቴል ሰዎች ጸጥ አሉ። ፊት ወንበር ላይ ያሉት ካድሬዎች ግን አጨበጨቡ። ማንም አልተቆጣ፣ ማንም አልጠየቀ። ከገዛ ፍርሃቱ በቀር ቁረጥ ያለው አልነበረም።

እናቴ ጉልበቴን ያዘች። "ሰማሽ? አልረሳውም" አለችኝ እያለቀሰች።

እኔ ከመጀመሪያው የባሰ ተናደድኩ። ናፍቆት አልነበረም የጠራው፤ መግቢያው ጠፍቶበት ነው። ይህን ግን ለእሷ እንዴት እነግራታለሁ?

በሣልስቱ ተድላ እየሳቀ ሱቅ መጣ።

"ወደዱት። ቆጠራው ይመለስ ብለዋል። ያ ቁርጥራጭ አለ?"

"አለ። አንድ ላይ ቀጥዬዋለሁ፤ የእናቴ ነው።"

"እንግዲያው አምጪው፣ ሣጥኑ ሳይታተም እንመልሰው።"

"የገቢሳን ስም ሣጥኑ ላይ ትጽፋለህ?"

በሩን አየ፤ የሚሰማ ሰው እንዳለ ነው የሚያየው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ስም እንኳ ይቅርብን፣ ፀዳለ" አለኝ።

"ራስህ ቁጠር" አልኩት። "ወንድሜ ላንተ መቁጠሩን ጨርሷል።"