ሳይታይ የተፈረመበት ግድግዳ

ለመሆኑ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ያላዩትን ግድግዳ «ደህና ነው» እያሉ መፈረም ሥራ ነው ትሉኛላችሁ? አንድ የሕንፃ ተቆጣጣሪ አሥራ ስድስት ዓመት ይህንኑ ሲያደርግ ኖረ። አንገሽግሾት ለቀቀና የአንድ ሽማግሌ ቧንቧ ሠሪ ድርጅት ከነሠራተኞቹ ገዛ። ሽማግሌው ሙያውን ሊያስተምሩት አብረውት ቀሩ። የድርጅቱ ሕግ አንድ ነው፤ ግድግዳው ተለስኖ ከመዘጋቱ በፊት፣ ቧንቧውን የገጠመው ሰው ስሙን በምስማር ይጭርበታል።

ዛሬ ውሃ ሲያንጠባጥብ የከረመ የክሊኒክ ግድግዳ ከፈቱ። ቧንቧው ከመጋጠሚያው ተላቋል። የማንም ስም የለበትም።

«ይሄስ አባቱን የማያውቅ ሥራ ነው» አሉ ሽማግሌው። «እስቲ የርክክቡን ወረቀት አምጡልኝ።»

የክሊኒኩ ነርስ አመጣችላቸው። «ታይቶ ተረጋግጧል» ከሚለው ሥር ያለው ፊርማ የሰውየው ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ። ወረቀቱን ተቀብሎ ሊያጥፈው ሲል ሽማግሌው እጁን ያዙት። ሠራተኞቹ መዶሻቸውን አስቀምጠው ዞሩ።

«ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ነገም ስማቸውን እንዲጭሩልህ ትፈልጋለህ አይደል? እንግዲያው እዚሁ፣ በሁሉም ፊት መልስ። ይሄን ግድግዳ አይተኸው ነው የፈረምከው?»