ዐሥራ ሦስተኛዋ አጥንት

ቡሩልቻ ማካፈል አልገባትም ከተባለ ሦስተኛ ክፍልን ትደግማለች። ርእሰ መምህሩ ቁርጡን ተናግሯል፤ መምህርቷ ዛሬ የምትሰጣት ፈተና የመጨረሻ ዕድሏ ነው። መምህርቷ ሳይካል ደግሞ ለዚህች ልጅ ትሳሳላታለች። የተራራማዋ ከተማ የናሪን ብርድ ጥርስ በሚያንቀጫቅጭበት ጠዋት ከሁሉም ቀድማ መጥታ የክፍሉን ምድጃ የምታቀጣጥል ሌላ ማን አለ?

ሌሎቹ ለእረፍት ሲወጡ ሳይካል ከልጆቹ የመጫወቻ ከረጢት ዐሥራ ሁለት የበግ ቁርጭምጭሚት አጥንቶች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች።

“እነዚህ ሥጋ ናቸው እንበል። ለአራት ሰው አካፍይልኝ።”

“እነማን ናቸው፣ ኤጄ?” አለች ቡሩልቻ፤ በአገሯ ቋንቋ “እትዬ” ማለቷ ነው።

“ምን አገባሽ! በቃ... አያትሽ፣ አባትሽ፣ ወንድምሽና አንቺ።”

ቡሩልቻ እጅጌዋን ሰበሰበች። ለአያቷ አምስት፣ ለአባቷ አራት፣ ለወንድሟ ሁለት አደረገችና የቀረችውን አንዷን ወደ ራሷ ሳበች።

ሳይካል ወሽመጧ ቁርጥ አለ። “ቡሩልቻ! እኩል ነው እንጂ!”

ልጅቷ ዓይኗን አፈጠጠች። “ለአያቴና ለእኔ እኩል? ኧረ አያቴ ቢሰሙ ጉድ ይፈላል!”

ይኼኔ ሳይካልን ሳቅ አፈናት። ሞኟስ እሷው ናት። ራሷም ብትሆን ለአማቷና ለሕፃን ልጅ እኩል ሥጋ ብታቀርብ መንደሩ ሲያማት ይከርም ነበር። ልጅቷ ሒሳቡን አላበላሸችም፤ መምህርቷ ናት ሽማግሌ ጨምራ ጥያቄውን ያበላሸችው።

“እሺ፣ አያትሽን እንተዋቸው። አሁን አራት እኩያሞች ጨዋታ ላይ ናቸው። አጥንቱም ሥጋ መሆኑ ቀርቶ አጥንት ነው።” አንድ አጥንት ጨመረችበት። “ዐሥራ ሦስት። አድልዎ የለም!”

የቡሩልቻ ጣቶች ፈጠኑ። “ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ይደርሰዋል። አንድ ይተርፋል።”

“የተረፈችውን ለአንዱ ብትጨምሪለትስ?”

“ይጣላሉዋ! እኩያሞች ናቸው አላሉኝም?”

ሳይካል ደስታዋን መደበቅ አቃታት። “በቃ፣ አራተኛ ክፍል ገብተሻል! ለርእሰ መምህሩ እኔ እነግረዋለሁ።”

ቡሩልቻ በደስታ ዘላ ተነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ተመለሰችና የተረፈችውን አጥንት መምህርቷ መዳፍ ላይ አኖረችላት።

“ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?”

“የእርስዎ ነው፣ ኤጄ። እኛ ቤት ሥጋ የሚያድለው አባቴ ነው፤ ሁልጊዜ ራሱን ይረሳል። እናቴ ናት የምታስቀምጥለት። እርስዎም እንደ እሱ ለእኛ ሲያድሉ ራስዎን ይረሳሉ።”

ሳይካል አጥንቷን ጨበጠቻት። ስንት ዘመን ለሰዎች ልጆች ዕውቀት ስታካፍል ኖራ “ይኸውልሽ ድርሻሽ” ያላት ሰው አልነበረም። እንባዋ መጣ።

“ሂጂ ውጪ! እረፍቱ ሳያልቅ ተጫወቺ!” ብላ ጮኸችባት።