ለረምዚያ የቆረጥኩት ሆርተንሲያ

እኔ ቡሽራ፣ ሴት ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ መላክ ሲገባኝ የተቆረጠ እንጨት አቅፌ የሄድኩ ጅል ነኝ። ምን ላድርግ፣ ሳውዲ፣ ደማም ውስጥ ሽማግሌ ከየት ይመጣል? ያሉትም አሠሪያቸው፣ ካፊላቸው ካልፈቀደ ከበር አይወጡም።

ነገሩ የሆነው በ1987 ጥቅምት ላይ ነው። ነኺል ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ አትክልተኛ ነበርኩ። ማዳም በመስታወት በረንዳዋ፣ በኤሲ የምታኖረው ሆርተንሲያ የሚባል አበባ ነበራት፤ ከእኔ ክፍል የእሱ ይቀዘቅዛል። ሙቀቱ በረድ ሲል፣ "የደረቀውን አበባ ብቻ አንሳ፣ የከርሞው አበባ ጫፉ ላይ ነውና እንዳትነካው" አለችኝ። እኔ ደግሞ መቀስ ከያዝኩ ማን ይችለኛል! ጨፈጨፍኩት። "ኸላስ! ኸላስ!" እያለች መቀሱን ቀማችኝ።

የቆረጥኩት ተከምሮ ሳየው ረምዚያ ትዝ አለችኝ። ረምዚያ ጎረቤት ከተማ ኾበር፣ ዑለያ ሰፈር የሴቶች ልብስ ትሰፋለች፤ አበባ ስትወድ ለጉድ ነው። ከወደድኳት ዓመት አልፎኛል። ወንድሟ ጁሀር እሺ ካላለ ግን የለችም፣ እሱን ሳይ ደግሞ መንገድ እቀይራለሁ። የሚተከል ነገር ይዤ ብሄድ ይራራልኝ ይሆናል ብዬ ለጋ ለጋውን መረጥኩ፣ የታች ቅጠሉን መለመልኩ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ በፌስታል ያዝኩ።

ቤታቸው ስደርስ ጁሀር የጨርቁን ጫፍ ገለጥ አድርጎ አየና ፊቱ በራ። ተነሥቶ በሩን ቆለፈ፣ መጋረጃውን ዘጋ። ለካ አበባ ወዳጅ ነው አልኩ በልቤ።

"ከየት አገኘኸው?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ከማዳም ግቢ።"

"ማዳምህ ትተክላለች?"

"ውሃ የምታጠጣው በገዛ እጇ ነው።"

"ሱብሃነላህ! እዚህ አገር ይበቅላል በለኛ!"

"ምን ችግር አለው? ከአንጓው ሥር ቆርጠህ እርጥብ አሸዋ ላይ ትሰካለህ፣ ጥላ ውስጥ በላስቲክ ትሸፍነዋለህ፣ ሥር ይሰዳል። ካሻህ ቤትህን በሙሉ እሞላልሃለሁ፣ ጋሽ ጁሀር።"

ዓይኑ እንባ አቀረረ። የመጣሁበትን ተናግሬ ሳልጨርስ፣ "ካንተ ሌላ ለማን እሰጣታለሁ!" ብሎ እጁን ዘረጋና የቃል ማሰሪያውን ፋቲሃ ቀራን። እኔማ አሚን ስል በደስታ አለቀስኩ።

ከዚያ ጁሀር ትራሱን አደላድሎ ጋደም አለ፣ ከጥቅሉ ለጋ ቅጠል ቀነጠሰና ወደ አፉ ላከ።

ያኔ ገባኝ። ሰውዬው ጫት መስሎታል! ከወሎ ከወጣ ጀምሮ ያላየው፣ እዚህ አገር ቢያዝ ወህኒ የሚያወርድ ጫት! ዝም ብል ረምዚያ የእኔ ናት። ግን ማዳም ልጆቿን "መርዝ ነው!" እያለች የምታባርርበት ቅጠል ነው። ዝም ብል አማቼን መግደሌ፣ ብናገር እሷን ማጣቴ። አቤት ፈጣሪ፣ ምን ዓይነት ሙሽኪላ ነው!

"ትፋው! አበባ ነው! መርዝ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

ጁሀር እየተፋ ወደ ቧንቧው ሮጠ። ሲመለስ፣ "ውጣልኝ! ፋቲሃው ፈርሷል!" አለኝ።

ከጓዳ ሆና ሁሉንም ስትሰማ የነበረችው ረምዚያ ብቅ አለች።

"ወንድምጋሼ፣ ፋቲሃው የተቀራው ለእኔ ነው ወይስ ለጫት?" አለችው።

ጁሀር አረንጓዴ ምራቁን ጠረገ። እኔን አየ፣ እሷን አየ።

"ለአንቺ" አለ ቀስ ብሎ፣ ዓይኑን ከጥቅሉ ላይ ሳይነቅል።